ምራቂ የማይወድ ላሜራ

፩

ታጠፈ።

ተመለሰ።

ጋሽ ላቀው ላሜራውን ከማጠፊያው ላይ አንሥቶ የማዕዘን መለኪያውን አስጠጋበት። ማጠፊያው ውስጥ ሳለ ማዕዘኑ ልክ ነበር። ጫናው ሲነሣለት ግን ትንሽ ከፈት ብሏል። ጋሽ ላቀው ከሞጆ መውጫ ባለችው ብየዳ ቤቱ የገልባጭ መኪና ካሶኒ፣ ማለትም ድንጋይና አሸዋ የሚጫንበትን ሣጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ብዙ ላሜራ አጥፏል። እንዲህ መልስ የሚሰጥ ግን አልገጠመውም።

ከመንገዱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው ፍሬው ጎሚስታ ሁሉንም አይቷል። ፍሬው የማያየው ነገር የለም፤ ጎማ ሲነፋ ዐይኑ ሥራ ይፈታል።

«ጋሽ ላቀው፣ እጅ ነሥቶህ ቀና አለ አይደል?» አለው። «ጨዋ ብረት ነው።»

፪

ላሜራው የወይዘሮ ዘርፌሽዋል ነው። ዘርፌሽዋል ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ገልባጭ መኪናዋን በሹፌር ታሠራለች፤ ጥቁር ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ወደ ግንባታ ቦታ ታመላልሳለች። የድሮው ካሶኒ ከተራ ወፍራም ላሜራ የተሠራ ስለ ነበር መኪናዋ ከድንጋዩ ይልቅ የራሷን ሣጥን ተሸክማ ስትለፋ ከርማለች። ሚዛን ጣቢያ በደረሰች ቁጥር ክብደት አለፈ እየተባለ ከጭነቷ ይቀነሳል።

አሁን አንድ መንገድ ሠሪ ድርጅት ለሰኞ ጠርቷታል። ካሶኒው ቀላልና ጠንካራ ሆኖ ከደረሰ የዓመት ሥራ ነው። ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ ከተሰነጠቀ፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ መኪና ሞልቷል።

ይህችን ሰኞ ያዝልን፣ አንባቢ። እኛ እጃችን ሥራ ላይ ነው።

፫

የላሜራው ጠባይ

ስስ ነው።

የቀድሞውን ግማሽ ያህል እንጂ አይወፍርም፤ ጉልበቱ ግን ይበልጣል። ክሬን ክንዱን ዘርግቶ የሲሚንቶ ምሰሶ ሰማይ ላይ ሲያንጠለጥል የሚተማመነው እንዲህ ባለው ብረት ነው። ድልድይ ይሸከማል። የከባድ መኪና ወገብ ይሆናል። ድንጋይ ሲራገፍበት ይጮኻል እንጂ አይጎደጉድም።

ሞጆ ውስጥ ግን ብረት የሚመረመረው በጣት ነው። የመጣው ሁሉ ቋ ቋ ያደርገዋል፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይለካል፣ ከዚያ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንተም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። አድርገሃል እኮ፤ «ስስ ነው» ስንል ፊትህን አይተነዋል።

፬

ገበያ ሄደህ ሽንኩርት ብትገዛ፣ ሚዛኑ ልክ ከሆነ በኋላ ሻጯ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግልሃለች። ምራቂ ነው። ባትጨምርልህ ቅር ይልሃል፤ ሽንኩርቱ አንሶህ ሳይሆን ሰው አልቆጠረችኝም ብለህ ነው።

ጋሽ ላቀውም ምራቂ አለው። ብየዳውን ሲጨርስ በጨረሰው ላይ አንድ መስመር ይደርባል። ማንም አልጠየቀውም። ለዘርፌሽዋል ሲሆን ሁለት ይደርባል። የግቢዋ በር፣ የውሃ በርሜሏ ማስቀመጫ፣ የሹፌሯ ወንበር እግር ሳይቀር በድርብ ምራቂ የቆሙ ናቸው። በሩን ለመክፈት ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ጋሽ ላቀው ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት ሥራ በዝቶ ነው ይላል። ሰፈሩ ሥራው በምን እንደ በዛ ያውቃል። ዘርፌሽዋል ታውቅ እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

፭

ላሜራው የመጣ ዕለት ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተባባሉት ይኸው። ምስክሩ ፍሬው ስለ ሆነ ጥቂት ተጨምሮበት ይሆናል።

ዘርፌሽዋል፦ ሻጩ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ነው። እሳት እንዳያበዙበት።

ላቀው፦ እሺ።

ዘርፌሽዋል፦ አንድ መስመር ይበቃዋል። ቢጣመምም በእሳት አቅልተው አይመልሱት።

ላቀው፦ እሺ።

ዘርፌሽዋል፦ ምራቂም የለም።

ላቀው፦

ዘርፌሽዋል፦ ጋሽ ላቀው?

ላቀው፦ ትንሽም?

ዘርፌሽዋል፦ ትንሽም።

፮

የላሜራው ጠባይ፣ በትእዛዝ መልክ

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ላሜራ እጅህ ቢገባ መታጠፊያውን ክብና ሰፋ አድርገህ እጠፈው፤ ጠበብ ካለ በውጭ በኩል ይሰነጠቃል። እንደሚመለስ አውቀህ ትንሽ አሳልፈህ እጠፈው። የምትበይድበት ኤሌክትሮድ ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ዛሬ አቅፎት ነገ ይከዳዋል። አንድ መስመር በይድ። ውሃ አታፍስበት፣ በራሱ ጊዜ ይብረድ። ከዚያ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።

የጋሽ ላቀው ቱታ ኪስ የለውም።

፯




(ይህ ቁጥር ባዶ የሆነው ጋሽ ላቀው ሲሠራ ስለማይናገር ነው። ሥራው ግን ተሠርቷል። ልክም ነበር።)

፰

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካሶኒው ተጠናቆ ቆመ። ቀላል፣ ንጹሕ፣ የብየዳው መስመር እንደ ስፌት የቀጠነ። ጋሽ ላቀው ዞሮ ዞሮ አየው። አልወደደውም። ነጠላውን ረስቶ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መሰለው።

ፍሬው ጎማውን ትቶ መጣ። ቋ ቋ አደረገና የብየዳውን መስመር በጣቱ እየተከተለ እስከ ጥጉ ሄደ።

«ተጣላችሁ እንዴ?» አለ።

ጋሽ ላቀው ከማን ጋር ሲል ጠየቀው። ፍሬው ወደ ጎማው ተመለሰ። እየሄደም የዘርፌሽዋል ካሶኒ የማንም ካሶኒ መሰለ፣ መቼም የሰው ልብ መቀዝቀዙ አይቀር፣ እያለ አጉረመረመ። የነገረው ለጎማው ነው። ድምፁ ግን መንገድ ተሻገረ።

፱

ጨመረ።

፲

ብዙ አልጨመረም። ከኋላ በግራ በኩል ያለው ጥግ ላይ ብቻ፣ ስፖንዳው፣ ማለትም የኋላ መዝጊያው በሚንጠለጠልበት ቦታ፣ ሁለት መስመር። ማዕዘኑ አሁንም ከፈት ያለ ስለ መሰለው ደግሞ በጋዝ እሳት አቅልቶ በመዶሻ መለሰው። በዚህ ጊዜ ብረቱ አልተከራከረም። እንደ ቅቤ ለዘበለት። ጋሽ ላቀው በመጨረሻ ተግባባን ብሎ ደስ አለው።

የላሜራው ጠባይ

ይህ ብረት ጉልበቱን ያገኘው ከፋብሪካ ነው፤ ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ በልክ ተገርቶ። እንደገና ሲያቀሉት የተማረውን ይረሳል። እሺ ባይ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ሲበዛ ማርም ይመራል ይባላል። ይህን የሚሉት ግን ቀማሾቹ ናቸው። ማር ጨማሪው አይታወቀውም።

፲፩

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ድንጋይ ተጫነ። መኪናዋ ሚዛን ጣቢያውን ያለ ክርክር አለፈች። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠችው ዘርፌሽዋል ስለ ሰኞ እያወራች፣ እየሳቀችም ሄደች። ድንጋዩ ሲገለበጥ ግን ከኋላ በግራ በኩል ድምፅ ተሰማ።

ቀጭን ድምፅ።

ብየዳው አልተነካም። ብየዳው ተራራ ያቆማል። የተሰነጠቀው ከብየዳው ጎን ያለው፣ እሳት ያቀላው ላሜራ ነው። ምራቂ ያልደረሳቸው ሌሎቹ ጥጎች ምንም አልሆኑም።

፲፪

መኪናዋ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ እንደ ቆመች ጋሽ ላቀው ማንም ሳይነግረው በቀጥታ ወደ ግራው ጥግ ሄደ። ዘርፌሽዋል አካሄዱን አየች።

ፍሬው መንገዱን ተሻግሮ ደረሰና ጥፋቱ የድንጋዩ ነው፣ የዘንድሮ ድንጋይ ጠርዙ ክፉ ነው አለ። ሹፌሩ ቀድሞም ስስ ነው ብዬ ነበር አለ። አላፊ አግዳሚውም ቆም እያለ ቋ ቋ አድርጎ ከንፈሩን መጠጠ። ሰዉ ሁሉ ለጋሽ ላቀው ሰበብ አዋጣለት። አንዱን አንሥቶ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ዘርፌሽዋል ሻጩን ትረግማለች፣ የሰኞው ሥራ ይቀርባታል፣ እሱ ግን በሙያው እንደ ተከበረ ይኖራል።

ጋሽ ላቀው ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ምራቂ ጨምሬበት ነው» አለ።

ፍሬው ድንጋዩን መክሰሱን ተወ።

«ነግሬዎት ነበር» አለች ዘርፌሽዋል።

«ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ቦታ ትተናል፦




አልሞላውም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። ጫማው ላይም የተጻፈ ነገር አልነበረም።

፲፫

ሁሉም መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ። ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ብየዳ ቤት ሞልቷል፤ የጋሽ ላቀውን ደንበኛ ሲያገኝ የማይስቅም የለም። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ዘርፌሽዋል አጥፋው አለችው። ከላሜራው የተረፈ ቁራጭ እንዳለ ጠየቀች። አለ ተባለች። ከዚያ ከፍሬው ደጃፍ አንድ አሮጌ ጎማ አንከባላ አመጣችና ጥላ ውስጥ አጋድማ ተቀመጠችበት። ፍሬው ጎማው የሰው እንደ ሆነ ሊነግራት አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን ሲያይ መልሶ ገጠመው።

«የተሰነጠቀውን ከነተቃጠለው ቆርጠው ያውጡት፤ በእሳት ሳይሆን በመቁረጫ» አለች። «በቦታው አዲስ ቁራጭ ያስገቡ። አንድ መስመር። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«እሺ።»

«ደግሞ መጨመር ሲያሰኝዎት እሳቱን ያስቀምጡና፣ ሊጨምሩ የፈለጉትን በአፍዎ ይንገሩኝ።»

ጋሽ ላቀው መቁረጫውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

ፍሬው ጎማ መንፋቱን አቆመ። ሹፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ሁለቱንም በዐይኗ መለሰቻቸው።

፲፬

ቆረጠ። ጠርዙን ሞረደ። አዲሱን ቁራጭ ገጠመ። የብየዳው ብርሃን ሲፈነጥቅ ዘርፌሽዋል ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች፤ ሲጠፋ ትመለሳለች።

አንድ መስመር።

መስመሩ ከቀይ ወደ ግራጫ እየተለወጠ ቀስ ብሎ በረደ። የጋሽ ላቀው እጅ ወደ ጥጉ አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር። ከመንገዷ ጠራት። የብየዳ መያዣውን መሬት አስቀምጦ ጭንብሉን ከፊቱ አነሣ። ላቡን በክንዱ ጠረገ። ሌላ የሚጠርገው ነገር ፈልጎ አጣ።

ዘርፌሽዋል፦ ጨረሱ?

ላቀው፦ ጨረስኩ።

ዘርፌሽዋል፦ ምንም አልጨመሩበትም?

ላቀው፦ ብረቱ ላይ አልጨመርኩም።

ዘርፌሽዋል፦ እንግዲያው እየሰማሁ ነው።

ላቀው፦ የግቢዎ በር ለመክፈት ሁለት ሰው የሚፈልገው፣ አንዱ እኔ እንድሆን ነው።