የተዋጡ ቃላት ማጫወቻ

የናሁሠናይ አርባ በወጣ ማግስት፣ ከምሳ በፊት፣ የእጅ ጌም መጫወቻው የድምፅ ማጫወቻ አበቀለ። አጎቱ ከጅዳ የላከለት ይህ መሣሪያ ከጌም በቀር ሌላ አያውቅም ነበር፤ ዘፈን አያሰማም፣ ፊልም አያሳይም። አሁን ግን ከስክሪኑ ግርጌ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወጥታለች፤ ከሥሯም «አጫውት» ተብሎ ተጽፏል።

አባቱ አቶ መርዕድ መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን መረመሩ። ደሴ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአማርኛ ሰዋስው አስተምረዋል። ቃሉ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ሁለተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ተባዕታይ። የታዘዘው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ተጫኑት። የቀናት ዝርዝር መጣ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ምሳ። የመጀመሪያውን ነኩ።

«አባባ፣» አለ የሟች ልጃቸው ድምፅ፣ «ዛሬ በሒሳብ ሁለተኛ ወጣሁ።»

ድምፁ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ መሽከርከር ጀመረች።

ናሁሠናይ ይህን ተናግሮ አያውቅም። በአቶ መርዕድ ቤት ማዕድ ላይ አይወራም፤ ልጁ አፉ ላይ የመጣውን ሁሉ ከጉርሻው ጋር እየዋጠ ነው ያደገው። መሣሪያው ኪሱ ውስጥ ሆኖ የተዋጠውን ሲለቅም ኖሯል።

አቶ መርዕድ መሣሪያውን ሞባይል ወደምትጠግነው ወደ ዘሐራ ሱቅ ወሰዱት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞዴል እኮ ማጫወቻ የለውም» አለች።

«አሁን አለው።»

«አያለሁ።» ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። «ብልሽት የለበትም። ክቧ የምትዞረው መልስ ስትጠብቅ ነው።»

«ኔትወርክ ነው?»

«ኔትወርክ ቢሆንማ እስከ ዛሬ ተስፋ ቆርጦ ነበር! የሚጠብቀው እርስዎን ነው። ሲመልሱለት ይቀጥላል። ግን ማስቀመጫው ጠባብ ነው፤ የጎደለውን ቦታ ከአጫዋቹ ላይ ይወስዳል።»

«መዝለል ይቻላል? የምፈልገው የመጨረሻውን ነው።»

«አይዘልም ጋሼ። በተራ ነው።»

የመጨረሻው ምሳ ናሁሠናይ ቤት ውስጥ የበላው የመጨረሻ ምግብ ነው። ከዚያ ወዲያ አልበላም ብሎ ተኛ፤ ብርድ መስሏቸው ሻይ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሲደርስ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። «ሕመሙ በጀመረበት ዕለት ብታመጡት ይድን ነበር» አለ ሐኪሙ። አቶ መርዕድ ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ በዚያ ማዕድ ላይ ሕመሙን ውጦት እንደሆነ።

ቤታቸው ገብተው ለመጀመሪያው ምሳ መልስ ሰጡ። «አንደኛ ማን ወጣ?»

«እንዲህ እንደሚሉ አውቄ ነው የዋጥኩት» አለ ናሁሠናይ ያለ ቂም። ሁለተኛው ምሳ ተከፈተ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመለሱባቸው ቃላት «አንደኛ»፣ «ማን» እና «ወጣ» ከአቶ መርዕድ አፍ ጠፉ። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ «ማን ነው?» ማለት ስላቃታቸው ዝም ብለው ከፈቱ። ሁሉንም «እሺ» እያሉ ለማለፍ አሰቡ፤ «እሺ» ግን ሁለተኛው ምሳ ላይ ተወሰደች። በአሥራ ስምንተኛው ምሳ ናሁሠናይ ስለ ስፖርት መምህሩ ፊሽካ መዋጥ አወራቸው፤ መምህሩ በተናገረ ቁጥር ፊሽካው ከሆዱ እየጮኸ ክፍሉ ሁሉ ለሰልፍ ይነሣል። አቶ መርዕድ ሳቁ። ሳቅ ብዙ ስላልነበራቸው በዚያው አለቀ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ በየቀኑ አጠገባቸው ተቀምጠው የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። በመቶኛው ምሳ ላይ ግን መሣሪያውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቀበርኩ። አንተን ደግሞ ቃል በቃል ልቅበርህ?»

«ልወቅ» አሉ አቶ መርዕድ። ክቧ እየዞረች ስለነበር ይህም ቃል ሄደ።

«ብታውቅስ? ምን ልትሆን?»

 አቶ መርዕድ መስመር ባለው ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቃላት ጽፈው አሰመሩባቸው፤ «ተነሥ»፣ «ልጄ»፣ «እንሂድ»። እስከ መጨረሻው ምሳ እንዳይነኩ የተቀመጡ ናቸው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ወረቀቱን አነበቡ። «ስሜስ? ‹አንቺ› ስትለኝ ነው የኖርከው፤ ቢሆንም ይቀመጥልኝ።»

አቶ መርዕድ አራተኛ አድርገው ጻፉት።

በሁለት መቶ አሥረኛው ምሳ የቀሯቸው እነዚሁ አራቱ ነበሩ። «አባባ፣» አለ ናሁሠናይ፣ «እማማን መጀመሪያ ያገኟት ዕለት ምን ብለው ጠሯት?»

ክቧ ዞረች። አቶ መርዕድ ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮ እልፍነሽ መሐረባቸውን ሲያጥፉ ቆዩ፤ አጥፈው ሲጨርሱ ዘረጉት።

«በለው» አሉ።

«እልፍነሽ» አሉ አቶ መርዕድ።

«ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር» አለ ናሁሠናይ። «ያምራል።»

የመጨረሻው ምሳ ተከፈተ። መጀመሪያ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ተሰማ። ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ።

«አባባ፣ ጎኔን ያመኛል። ቀኝ ጎኔን።»

አቶ መርዕድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ወይዘሮ እልፍነሽ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠዋል።

«ተነሥ፣ ልጄ። እንሂድ።»

ክቧ ቆመች። ከመሣሪያው ውስጥ ወንበር ወደ ኋላ ሲጎተት ተሰማ፤ በር ተከፈተ፤ የሁለት ሰው እግር ጠጠሩን እየረገጠ ወጣ። ቤት ውስጥ ግን የተነሣ ሰው አልነበረም። አቶ መርዕድ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እንደተቀመጡ ናቸው።

ምሳው አላለቀም። ርዝመቱን የሚያሳየው ቁጥር ይጨምራል እንጂ መጨረሻው ላይ አይደርስም። በማግስቱም እርምጃው ይሰማል፤ በሦስተኛውም ቀን። ዘሐራ ልትጠይቅ መጥታ ጥቂት አዳመጠችና «ዳገት ላይ ናቸው» ብላ ሄደች።

በስድስተኛው ቀን ወይዘሮ እልፍነሽ ተንበርክከው የባላቸውን ጫማ ፈቱ። ሶሉ አልቆ ወረቀት አክሏል። ደሴ ውስጥ ወር ሙሉ ዝናብ አልጣለም፤ ጫማው ላይ ግን እርጥብ ቀይ ጭቃ አለ።

«አባባ፣» አለ ናሁሠናይ ከጠረጴዛው ላይ፣ «ራቀ እኮ።»

ወንበሩ ላይ የአቶ መርዕድ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «በርታ፣ ደርሰናል» የሚለው ድምፃቸው የመጣው ከመሣሪያው ነው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ጭቃውን ጠረጉ። ጫማውን መልሰው አጠለቁላቸው፤ ማሰሪያውንም፣ ሩቅ መንገድ ለሚሄድ ሰው እንደሚታሰረው፣ አጥብቀው አሰሩት።