የልብስ ሰፊው ጀርባ

በእኛ ሥራ ጠዋት ከመውጣታችን በፊት አለቃው በየተራ እጁን በአንገታችን በኩል አስገብቶ ጀርባችንን ይዳብሳል። ሞቆ ያገኘውን ሰው አንድ ልብስ ያስወልቀዋል። «በር ላይ የሞቀው ሰው ዳገቱ ላይ ያልበዋል፤ ያላበው ሰው አናቱ ላይ ሲቆም ልብሱ ይገድለዋል» ይላል። የወለቀው ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የሚለበሰው አናቱ ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

የምንሠራው ተራራው አናት ላይ ላለው የመገናኛ ማማ ናፍጣ ማድረስ ነው። መንገዱ መኪና ስለማያስወጣ እያንዳንዳችን ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባችን አዝለን ሦስት ሰዓት ያህል እንወጣለን።

የዚያን ዕለት አለቃው ትኩሳት ስለያዘው ቢሮ ሬዲዮ ላይ ቀረ። ከእኔ ጋር የሚወጣው ጋሼ የምለው የታላቅ እህቴ ባል ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ሲዘጋበት ወደ እኛ ሥራ ገባ። የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

«ዝምተኛው፣ የዛሬን ጀርባውን አንተ እይልኝ» አለኝ አለቃው።

እሺ አልኩ።

እህቴ እስከ ግቢው በር ሸኝታው ነበር። «አደራህን፣ እሱ ብርድ አይችልም» ብላኝ ተመለሰች።

ጋሼ ሦስት የጥጥ ሹራብ ደራርቦ፣ ከላይ ራሱ የሰፋውን የላስቲክ ካፖርት እስከ አገጩ ቆልፎ ቆሟል። እጅጌውንም አንገቱንም በላስቲክ ጥብቅ አድርጎታል። ገና ሳንነሳ ግንባሩ ወዝቷል።

«ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም?»

«ምኑ?»

«ልብሱ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አገር ምድሩን ሳለብስ ኖሬ አንተ ልብስ ልታስተምረኝ ነው? የሠርግ ልብስህንም የምሰፋልህ እኔው ነኝ፤ ያውም እሺ የምትልህ ከተገኘች!»

እጄን አንስቼ ነበር። ግን በታላቄ፣ ያውም በእህቴ ባል ሹራብ ውስጥ እጅ መስደድ ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። እጄን መልሼ የራሴን አንገት አከክሁ፤ ከዚያ ጀሪካኑን አዘልኩ።

ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ከጎን ይመታናል። ጋሼ ከፊቴ ይፈጥናል። ቀስ በል ስለው «ውስጤ እንደ ዳቦ ምድጃ ሞቋል፣ አንተ ድረስብኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ደርሼበት የእጅጌውን ላስቲክ ሲያላላው ውኃ ፈሶ እጄን ነካኝ። ዝናብ መስሎኝ ነበር። ለብ ያለ ነበር።

አናቱ ላይ ጄኔሬተሩ ቆርቆሮ ጣራ እንጂ ግድግዳ የለውም። ናፍጣው ከብርዱ የተነሣ ወፍሮ በማጥለያው ጨርቅ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወርደው። አርባ ደቂቃ ቆምን። እኔ ከፌስታሌ ደረቁን የሱፍ ሹራብ አውጥቼ ለበስኩ። ጋሼ የሚጨምረው አልነበረውም፤ ያለውን ሁሉ ለብሶ ነው የመጣው።

«ጥርሴ የስፌት መኪና ሆነብኝ» አለ እየተንቀጠቀጠ። ሳቅንበት።

ስንወርድ ቀልዱ ቆመ። ጉሙ ስለወፈረ በየጊዜው ዞር እያልኩ አየዋለሁ። አንዴ ስዞር ቆሞ የካፖርቱን ቁልፍ እየፈታ ነበር። እጁ አይንቀጠቀጥም። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ዝጋው እንጂ!»

«ሞቀኝ» አለ ረጋ ብሎ። «ሞቀኝ እኮ ነው የምልህ።»

ያን ጊዜ እጄን በአንገቱ ሰደድኩ። ሹራቡ ሳይጨመቅ እንደተሰጣ ልብስ እርጥብ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ገላ ደግሞ የጉድጓድ ድንጋይ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ የድንጋይ መጠለያ አለች። ግማሽ እየጎተትኩ፣ ግማሽ እየተሸከምኩ አስገባሁትና ሬዲዮውን ከፈትኩ።

«ይንቀጠቀጣል?» አለ አለቃው።

«ትቷል። ሞቀኝ ይላል።»

«ጠዋት ጀርባውን አይተህ ነበር?»

«አላየሁም። አፈርኩ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ማፈር የለም። ያን እርጥብ ሁሉ አውልቅለት፣ ክር አይቅርበት። ያንተን ደረቁን አልብሰውና ደረትህን ከጀርባው አጣብቅ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ተርፏል። ከከተማ ሰው አስመጥቼ እልካለሁ፤ ጉሙ ካልያዛቸው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳሉ።»

ሹራቦቹ ገላው ላይ ተጣብቀው እምቢ ስላሉኝ በቢላ ቀደድኳቸው። የካፖርቱ ስፌት ግን ጠንካራ ነበር፤ ቢላው ሁለቴ አዳለጠኝ። ጥሩ ባለሙያ ነው። ራቁቱን አስቀርቼ የእኔን ሱፍ አለበስኩት፣ ካልሲዬን እግሩ ላይ አጠለቅሁ፣ በባዶ ጀሪካኖቹ ላይ አስተኝቼው ከኋላው አቀፍኩት።

«ለእህትህ እንዳትነግራት» አለ። «ትስቅብኛለች።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ነፋሱ በበሩ ሥር እየገባ እግሬን ይበላኛል። እስትንፋሱን መቁጠር ጀመርኩ፤ አንዳንዴ ቁጥሩን እኔ ቀድሜው እጠብቀዋለሁ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ግራ ትከሻው አንዴ ድንገት ብድግ ብሎ ተመለሰ።

ትንፋሼን ይዤ ሁለተኛውን መንቀጥቀጥ ጠበቅሁ። ሁለተኛው በጣም ቆየ።