አሮጌው አድራሻ

«ስልኩ ከሌላው ዕቃው ጋር ነው?» አለ ዘሩ።

አይናዲስ የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ፊቱ ቆማ ነበር። በስተቀኙ ለተቀመጡት ሽማግሌ አቀረበች፤ ዘሩን ዘለለችና በስተግራው ላለው ሰው ሰጠች። ወንድሟ ጎሹ ከተቀበረ ገና አንድ ቀኑ ነው። ዘሩ ስለ ስልኩ ሲጠይቃት ግን ይሄ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ ከቀብር መልስ እጅ ስታስታጥብ፣ ከዚያ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳይበዛ፣ አሁን ደግሞ እንዲህ ሰው መሐል።

«የሟች ዕቃ እስከ አርባው አይነካም» አለችው።

«እሱንማ አውቃለሁ። እኔ እኮ ለመውሰድ አይደለም...»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

የዘሩ ዓይን እሷን ሸሽቶ ወደ ጓዳው በር ሄደ። ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ፣ አለች በሆዷ። አልተሳሳተችም፤ የሚደብቀው ነገር ነበረው። የተሳሳተችው ምንነቱ ላይ ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። አይናዲስ ደግሞ ገንፎው ሳይቀርብ ስንጥሩን የምትፈልግ ሴት ናት። ገንዳ ውሃ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች፤ ኮራጅ ተማሪ ከእጁ ይልቅ በዓይኑ እንደሚያዝ ታውቃለች። የዘሩ ዓይን የኮራጅ ዓይን ሆነባት።

ስልኩ ጓዳ፣ ሰሊጥ ጆንያ ውስጥ፣ ክንድ በሚያስገባ ጥልቀት ተቀብሯል። የቀበረችው ራሷ ናት። እሁድ ጠዋት ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ስልኩ ጮኸ፤ እናታቸው እማ አሰበች «ጎሹ ደወለ! ልጄ ደወለ!» ብለው ከመደቡ ተነሡና መሬት ላይ ወደቁ። አይናዲስ ስልኩን ከኮቱ ኪስ አውጥታ አጠፋችው። ዘሩ መጠየቅ ሲያበዛ ደግሞ ደበቀችው። የጎሹ ሌላ ዕቃ አንድ ቦርሳ ብቻ ነበር፤ ደብተሩና እስክርቢቶው እንዳሉበት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም አልነካውም።

ድንኳኑ የተተከለው አስፋልቱ ዳር ነው። ወሩ ጥቅምት፣ አጨዳው የደረሰበት ስለሆነ ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች አሁንም አሁንም ያልፋሉ። ሹፌሮቹ ድንኳኑን ሲያዩ ሙዚቃቸውን ዘግተው ቀስ ይላሉ። ብዙዎቹ መስተዋት ላይ ጎሹ በእጁ የለጠፈው ስቲከር አለ። «ሰው ጠፋብዎ? እዚህ ይፈልጉ» ይላል፤ ከሥሩ ረጅም የኢንተርኔት አድራሻ አለ። ስቲከር ያለበት መኪና ባለፈ ቁጥር አይናዲስ ፊቷን ታዞራለች።

ጎሹ የጤና ጣቢያ መረጃ ሠራተኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የቀን ሠራተኛ ከእርሻ ካምፕ በትራክተር ተጭኖ መጥቶ በወባ ሞተ። አብረውት የሚያጭዱት ልጆች የሚያውቁት «ወሎዬው» የሚለውን ብቻ ነው፤ ካርዱ ላይም የተጻፈው ያው ሆነ። ቀበሩት። ከሁለት ወር በኋላ አንዲት እናት ከደላንታ ድረስ መጥታ የልጇን ስም እስከ አያቱ ጠራች። ጎሹ መዝገቡን ሦስት ጊዜ አገላበጠው፤ እንዲያ የሚባል ሰው የለም። አራተኛ ሲያገላብጥ ገባው። መቃብሩን ያሳያት እሱ ነው፤ ያን ቀን እቤት ገብቶ እራት አልበላም።

ድረ-ገጹን የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ዓርብ ዓርብ ካምፕ ለካምፕ እየዞረ የሠራተኛውን ስም ከእነአባቱ፣ አገሩን፣ የሚሠራበትን እርሻ ይጽፋል። በረሃው ላይ ኔትወርክ ስለማይታመን መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ። ደጋ ያለችው እናት ስልክ ያለው ሰው ታስከፍታለች፤ ልጇ ያለበት አገር አብርሃ ጅራ ይሁን ሳንጃ፣ የማን እርሻ ላይ እንዳለ ታያለች። ስልክ ቁጥሩንም እዚያው አስቀምጧል፤ ማንበብ የማትችል ትደውልለታለች።

ዓምና ደግሞ የመጀመሪያው አድራሻ ረዘመ ብሎ ሌላ አጭር አድራሻ ገዛ። አሮጌውን ግን አልተወውም፤ እሱን የከፈተ ሰው ሁሉ ራሱ ወደ አዲሱ እንዲወሰድ አደረገው።

«ሁለት ቤት ምን ያደርግልሃል? ሚስት እንኳ የለህ» ብላ ስቃበት ነበር።

«ሳቂ አንቺ። ቤት ስትቀይሪ የድሮው በር ላይ ‹ወዲያ ገብተዋል› የሚል ሰው ታስቀምጫለሽ። ስቲከሩ ላይ ያለው፣ እናቶቹ መቀነታቸው ውስጥ የቋጠሩት አሮጌውን ነው። ትቼው ብሄድ ሌላ ይገባበታል። እናትየዋ ልጄን ብላ ስታንኳኳ ማን ይክፈትላት?»

አዲሱ አድራሻ የተመዘገበው በዘሩ ስም ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የጎሹ የልብ ጓደኛ፤ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ያለውም እሱ ነው። ያን ጊዜ አይናዲስ ምንም አልመሰላትም። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብላ ስታስበው ግን ብዙ ነገር መሰላት።

ማክሰኞ፣ የሰልስቱ ዕለት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርሷ ዝናሽ መጣች። አልቅሳ፣ እማ አሰበችን አቅፋ፣ ፊቷን ስትጠርግ ቆየችና አይናዲስን በነጠላዋ ጫፍ ሳብ አደረገቻት።

«ሰው ሳያይ ነይማ።»

ከድንኳኑ ጀርባ፣ የውሃ በርሜሉ ጋ ቆሙ።

«ጠዋት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለውን ስቲከር አየሁና ሆዴ አልችል አለ። ስሙን እንኳ ልየው ብዬ አድራሻውን ከፈትኩት። እስቲ እይው።»

አይናዲስ የዝናሽን ስልክ ተቀበለች። የስም ዝርዝሩ የለም። የመኪና፣ የቁማር፣ የክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ተደርድሯል። ከላይ በትልቁ፣ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ስም ለሽያጭ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አፈሩ ሳይደርቅ!» አለች ዝናሽ። «መክፈቻውን የሚያውቅ ማን ነው፣ ከዘሩ ሌላ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ስጪኝ ሲለኝ ነበር እኮ።»

«በይ እንግዲህ። ስልኩን ቢያጣ በሌላ መንገድ ገባበት ማለት ነው።»

«ማን ነው የሸጠ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ። አጎታቸው ናቸው። ጠመንጃቸውን እንደያዙ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ በርሜሉ መጥተው ሁሉንም ሰምተዋል።

«አጎቴ፣ ገና አልተጣራም...»

«የሙት አደራ የሚሸጥ ሰው ድንኳኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ ንፍሮዬን ይበላል?»

«ይቆዩ እባክዎ። ማስረጃ በእጄ ልያዝ።»

«ለቀስተኛው እስኪወጣ እቆያለሁ። ከዚያ እኔው እጠይቀዋለሁ» አሉና የጠመንጃቸውን ማንገቻ አስተካከሉ። በዚያ አገር በጠመንጃ የተጠየቀ ጥያቄ ጥያቄ ሆኖ አይቀርም። አይናዲስ ፈራች። ከፍርሃቷ ሥር ግን ደስታ ቢጤም ነበረባት፤ ኮራጁን ይዛዋለች።

ጓዳ ገብታ እጇን ሰሊጡ ውስጥ ሰደደች። ስልኩን ጠረገችው፤ ከፈተችው። ጎሹ ከእሷ የሚደብቀው አልነበረውምና መክፈቻውን ታውቃለች። ወዲያው መልእክት በመልእክት ላይ መጣ። ስድስቱ ከባሕር ማዶ የተላኩ ናቸው፤ አድራሻውን ያስመዘገበበት ካምፓኒ የላካቸው የማረጋገጫ ኮዶች። እሁድ ሁለት፣ ሰኞ ሦስት፣ ዛሬ ጠዋት አንድ። ዘሩ ካምፓኒው ዘንድ ያለውን የጎሹን መዝገብ ልክፈት ባለ ቁጥር ኮዱ የሚላከው እዚህ ጆንያ ውስጥ ወዳለው ስልክ ኖሯል።

ሌባ፣ አለች። ጎሹና ዘሩ የተጻጻፉትንም ገለጠች። ሐሙስ ይላል፤ ጎሹ አብርሃ ጅራ እርሻ ላይ እያለ።

«አሮጌው አድራሻ ሰኞ ጊዜው ያልቃል። በካርድህ አድስልኝ፤ ኮዱ በእኔ ስልክ ነው የሚመጣ፣ እልክልሃለሁ። ካለፈ ካምፓኒው የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፍበታል፤ ቆይቶ ለፈለገው ይሸጠዋል። እናቶቹ የያዙት እሱን ነው። አደራ።»

ከሥሩ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፦

«ደግሞ ትኩሳት ይዞኛል። ወባ ናት መሰለኝ። ቤት እንዳትናገር፤ እማ ከሰማች በእግሯ ትመጣለች። ቅዳሜ እገባለሁ።»

«እሺ። መድኃኒት ውሰድ» ብሏል ዘሩ።

ዓርብ ሁሉም የዘሩ ነው። «ዛሬስ?» «ጎሹ?» «ጎሼ ስልክህን አንሣ።» መልስ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ጎሹን በሰሊጥ መኪና፣ ራሱን ስቶ አመጡት። ወደ ጎንደር ሲወስዱት መንገድ ላይ ሞተ።

አይናዲስ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ የወንድሟን ሥራ ከሌባ አድናለሁ ብላ በሩን የዘጋችው ራሷ ናት። ዘሩን ግን አሁን ከበፊቱ ይልቅ ጠላችው። ከድንኳኑ አስጠራችው። የጓዳው በር ላይ ሆኖ ስልኩን እጇ ላይ አየ።

«ሐሙስ ታውቅ ነበር» አለችው።

«አትናገር አለኝ።»

«ዓርብ በመጀመሪያው መኪና እደርስለት ነበር።»

«ትደርሽለት ነበር» አለ ዘሩ። አላስተባበለም። «ስልኩን ስጪኝ ብዬ ምክንያቱን ብነግርሽ መልእክቱን ታያለሽ። ሳልነግርሽ ደግሞ አትሰጭኝም። ሦስት ቀን እዚህ መሐል ነው የቆምኩት። አንዴ ለመናገር ድንኳኑ በር ድረስ መጥቼ እማ አሰበች እጄን ይዘው ‹ልጄን የምትወደው› ሲሉኝ... አልቻልኩም፣ አይናዲስ።»

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። ጎሹ አትናገሪ ብሏት ቢሆን እሷስ ትናገር ነበር? ትናገር ነበር ብላ አሰበች። ከዚያ አሮጌ ነገር ትዝ አላት፤ ዓምና ጎሹ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ለእማ አትንገሪ ሲላት ሁለት ሳምንት አፏን ይዛለች።

«ተሸጠ?» አለችው መጨረሻ ላይ።

«አልተሸጠም። ጥቂት ቀን ይጠብቃሉ። በባለቤቱ ኮድ ከተገባ ይመልሱታል።»

«ምን ይሠራል ይሄ እዚህ?» አሉ አጎትየው፣ በሩን በቁመታቸው ሞልተው።

አይናዲስ ተነሥታ በሁለቱ መሐል ቆመች።

«ያለ ጥፋቱ ነው የጠረጠርነው፣ አጎቴ። ለሽያጭ ያወጣው የውጭው ካምፓኒ ነው፤ ጊዜው ስላለፈ። ጊዜው ያለፈው ስልኩን እኔ ዘግቼ ስለደበቅኩት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የሐሙሱን ነገር አልተናገረችም። አጎቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዘሩን አዩ፤ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«እንግዲያስ እኔም ስሙን በከንቱ አንሥቻለሁ» አሉና ወጡ።

ዘሩ በራሱ ስልክ ኮድ ጠየቀ። በጎሹ ስልክ መጣ። አይናዲስ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ለተማሪ እንደምታነብ አነበበችለት፤ ስድስተኛውን ግን በጣቷ አሳየችው።

«ገባልኝ። አደስኩት» አለ ዘሩ። «እስኪመለስ ግን ሰዓታት ይፈጅ ይሆናል።»

ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ። ከወዲያኛው ክፍል እማ አሰበች «ጎሹ!» ሲሉ ተሰማ። አይናዲስ ልታጠፋው ጣቷን ሰነዘረች፤ መልሳ አነሣችው።

«ሃሎ? ጎሹ ነህ፣ የኔ ወንድም?» የሴት ድምፅ ነው፤ የወሎ። «ማናዬ ነኝ፣ ከወገዲ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ ዝግ ነው ይለኛል። የሰጡኝን አድራሻም የጎረቤት ልጅ ብትከፍትልኝ ሌላ ነገር ያመጣብናል። ልጄ ለአረም ብሎ እንደወረደ ቀረብኝ።»

እማ አሰበች በግድግዳው ተደግፈው ጓዳው በር ላይ ደርሰዋል።

«እሱ ነው?»

«አይደለም፣ እማ። ልጅ የጠፋባት እናት ናት።»

እማ አሰበች ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«ታዲያ ምን ታስጠብቂያታለሽ? ስሙን ጠይቂያት እንጂ» አሉ።

«እህቱ ነኝ፣ እማማ ማናዬ» አለች አይናዲስ በስልኩ። «አልጠፋንም፤ አለን። የልጅዎን ስም ከእነአባቱ ቀስ ብለው ይንገሩኝ።»

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቦርሳ ሄደች። አርባው ሊደርስ ሠላሳ ሰባት ቀን ይቀረዋል። ዚፑን ከፈተች፤ ደብተሩንና ጎሹ ክዳኑን በጥርሱ ያኘከውን እስክርቢቶ አወጣች፤ ክዳኑ ላይ አውራ ጣቷን አንዴ አሳለፈችና ለዘሩ ሰጠችው።

«አንዱአምላክ በል» አለችው፣ በስልኩ የሰማችውን የልጁን ስም እየደገመች። «ጻፍ።»