ከአንገት የወረደ ሜትር

ልብስ ሰፊዋ ከክሊኒክ እንደተመለሰች ማንንም ሳታናግር ጓዳ ገባችና በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ከበሩ ማዶ፣ የስፌት መኪናዎቹ ባሉበት ክፍል፣ ትንሿ ልጇ ሆዷ ገፍቶ ሥራ ላይ ናት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ያውም ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ የመጣ።

ነገሩ ሲጀምር የአንገት መታጠፍ መስሏት ነበር። ከጆሮዋ ሥር እስከ ትከሻዋ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ በመርፌ የምትወጋ ያህል ይጠቀጥቃታል። «ትራሱ ነው» ብላ ትራሱን ቀየረች። ኋላ ቆዳዋ ቀላ፤ ከዚያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ተደርድሮ ወጣ። ሐኪሙ ገና ሻሿን ስትፈታ «አልማዝ ባለጭራ ነው» አላት።

«ልጅ ሳሉ ጉድፍ ይዞዎት ነበር አይደል? ያ ቫይረስ ከሰውነትዎ አልወጣም። ነርቭዎ ውስጥ ተኝቶ ከርሞ አሁን ነቃ።»

ሳትዘገይ መምጣቷ እንደበጃት፣ የቫይረሱን መራባት የሚገታ እንክብል እንደምትወስድ፣ ሽፍታው ሳምንት ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ቅርፊት ሠርቶ እንደሚደርቅ፣ ሕመሙ ግን ከሽፍታው ሊሰነብት እንደሚችል ነገራት። ቀጥሎ፣ «ቤት ውስጥ ጉድፍ ያልያዛት እርጉዝ ካለች ግን ሽፍታው እስኪደርቅ ትራቅዎት። የቋጠረው ውሃ ከነካት ጉድፍ ሊይዛት ይችላል፤ ለእሷም ለጽንሱም አይበጅም» አላት።

ትንሿን ጉድፍ ይዟት አያውቅም። ድሮ ትልቋን ልጇን ሲይዛት፣ ትንሿን ለገዛ ታናሽ እህቷ አስረክባ ያሸሸቻት ራሷ ናት። ልጅቷ ከመወለዷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነበር። «አንድ ነገር ብትሆን ዓይንሽን አላይም!» ብላ ነበር የሰጠቻት። ልጅቷ ቆየት ብላ ስትመለስ ወፈር ብላ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተቆርጦ ወርዶ፣ አምሮባት ነበር። እስከ ዛሬም እንደዚያው ትቆረጣለች።

የጓዳው መስኮት የሚከፈተው ጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቆማ ግድግዳውን አየች፣ ተቀምጣ በሩን አየች። ጨርቅ ትከሻዋን ሲነካት እሳት ስለሚሆንባት ቀሚሷን በአንድ ወገን አውርዳ፣ ቁስሏን በፋሻ ሸፍና፣ የመኪናውን ድምፅ ታዳምጣለች።

«አጠበቅሽው!» ብላ ጮኸች። «ክሩን ላላ አድርጊው፣ ጨርቁ እየተሸበሸበ ነው!»

«እማዬ፣ በግድግዳ ውስጥ ታያለሽ እንዴ?»

«ይሰማኛል።»

ያቺው ታናሽ እህቷ ከሰዓት በኋላ መጣች። ወሬ ቤቷ ስለማያድር ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ራዲዮ ነው የሚላት። በሩ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሰዎች ሲሉ እንደሰማሁት ራሱና ጭራው አንገትሽን ዞሮ ከተገናኘ…»

«ሐኪሙ አይዞርም ብሏል። ነርቭ ተከትሎ በአንድ ጎን ነው የሚሄደው። ደግሞ ልታጽናኚኝ ነው ልትቀብሪኝ የመጣሽው?»

«እኔማ የሰማሁትን ነው።»

«ያልሰማሽው ነገር ይኖር ይሆን?»

ይህን ሲባባሉ ደንበኛ ገባች። ትንሿ ስትለካት ይሰማል፤ «ቀጥ በይልኝ… እጅሽን አውርጂ…» ልብስ ሰፊዋ ድንገት ከአልጋው ተነሣች። ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ሊተኛ ሲል ነው። እሷም ሽፍታው ፈንድቶ ሻሿን እስኪያርስ ድረስ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር። ጠዋት ወደ ክሊኒክ ስትወጣ የስፌት መኪናው ላይ ወርውራው ሄዳለች።

«አንቺ ልጅ! በየትኛው ሜትር ነው የምትለኪው?»

«ባንቺው ነዋ። የኔው ተበጠሰ።»

«የት አድርገሽው ነው የዋልሽው?»

ትንሿ ቀስ ብላ፣ «አንገቴ ላይ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ በሩን በመዳፏ መታችው። «ጣይው! እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አንገትሽንም! አሁኑኑ ክሊኒክ ሂጂ። ጉድፍ ላልያዛት እርጉዝ ጊዜው ሳያልፍ የሚወጋ መከላከያ አለ ብሏል ሐኪሙ!»

ልጅቷ ሄደች። ደሟ ተመርምሮ ውጤቱ እስኪደርስ ልብስ ሰፊዋ ምግብ አልቀመሰችም፤ እንክብሏንም የዋጠችው ራዲዮ በበር እየጮኸችባት ነው። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ቢጫው ሜትር እባብ ሆኖ በበሩ ሥር ሲያልፍ ታያለች።

በማግስቱ ትንሿ ሮጣ ልትመጣ ምንም አልቀራት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች በሩን መታችው።

«እማዬ፣ ክፈቺ! ድሮ ይዞሻል አሉኝ። ደሜ ውስጥ መከላከያው አለ!»

«ውሸት ነው።»

«ነርሷ ናት የነገረችኝ!»

«ደም ቀያይረው ይሆናል። የሌላ ሰው ውጤት ነው የነገሩሽ። እናትሽ እኔ ነኝ፣ ጉድፍ ነክቶሽ አያውቅም። ሂጂ፣ መርፌውን ውጉኝ በያቸው!»

«አንወጋሽም አሉኝ እኮ!»

«እንግዲያው እኔ ከዚህ አልወጣም። አንቺም ከዚህ ቤት ሂጂልኝ።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቁልፉን በኪሷ ውስጥ ጨበጠችው። ራዲዮ እዚያው በሩ ሥር ወንበሯ ላይ ናት።

«ራዲዮ፣» አለች ልብስ ሰፊዋ ቆይታ። «ምነው ተቋረጥሽ?»

ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ።

«እትዬ… እኔ ቤት ሳለች ይዟታል።»

«ምን አልሽ?»

«በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ፈላባት። አንቺ ዓይንሽን አላይም ብለሽኝ ነበር። ቅርፊቱ ሙልጭ ብሎ እስኪረግፍ ‹ቤቴን ወዳዋለች፣ ትቆይ› እያልኩሽ አስቀመጥኳት። ግንባሯ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ። እና… ፀጉሯን ቆረጥኩት።»

ከዚያ ቁልፉ ዞረ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው፤ ትንሿ ብቻ የምታልፍበት ያህል። ልጅቷ ገብታ ያንን ግንባሯን የሸፈነ ፀጉር በእጇ ወደ ላይ ገለጠችው። ከቅንድቧ በላይ የጣት አሻራ የማትሞላ ትንሽ ጉድጓድ አለች። እናቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት፣ አየች፣ ደግማ አየች።

«ያንን ያህል ዓመት ፀጉርሽን ሳበጥር…» አለችና አልጨረሰችውም። ትከሻዋ ነደደባትና ተቀመጠች።

«እኔስ ልግባ?» አለች ራዲዮ በክፍተቱ።

«አንቺ እዚያው ቁሚ!»

በሩን በእግሯ ገፍታ ዘጋችው። መልሳ ግን አልቆለፈችውም።