መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም

ኬናን የሞተ ዕለት ሸሪፋ አለቀሰች።

ኬናን የቱርክ ድራማ ውስጥ ያለ ኮርቻ ሠሪ ነው። እውነተኛው ባሏ ሙንዚር ሲሞት ኮምቦልቻ ያለው ሰፈሯ በሙሉ ሲላቀስ፣ እሷ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ነበር የሰነበተችው። ለቀስተኛው «ደንዝዛለች፤ አላህ ሶብሩን ይስጣት» እያለ ነው የወጣው። ሁለት ወር አልፎ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ በሚደገመው ክፍል ኬናን ከፈረስ ወድቆ ነፍሱ ስትወጣ ግን የሻሿን ጫፍ ነክሳ ተንሰቀሰቀች። ጎረቤቷ ጣይባ ሪሞቱን ፍለጋ ፍራሹን ገለባበጠችው።

«ላጥፋው! በነቢ፣ ላጥፋው! ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስከፈትኩሽ!»

«ተይው» አለች ሸሪፋ። «ይጨረስ።»

እስኪጨረስ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፤ ለልጇ ለሙና እራት አቀረበች። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ወሬ ዋለ፤ አንዱ የኬናን መሞት፣ ሌላው የሙንዚር ሚስት ማልቀስ።

ቴሌቪዥኑ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ለብሶ ነበር። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፤ ኩል አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም፣ ያለ ጉዳይ ከቤቷ አትወጣም። ጨርቁን የገፈፈችው ጣይባ ናት። ጣይባ የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ በራፏ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከሳምቡሳው ቀጥሎ የምትኖረው ለዚህ ድራማ ነው። የራሷ ቴሌቪዥን ተበላሽቶባት ስለነበር ሐዘንተኛዋን ማጫወት ለሁለቱም ጥቅም ነበረው።

ድራማው ከአራት ልብወለዶች የተወሰደ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ «የጉድጓዷ» ይለዋል። ናርሚን የምትባል የዛሬ ዘመን የውሃ መሐንዲስ አንድ ያረጀ ጉድጓድ ልትመረምር በገመድ ትወርዳለች። ጎትተው ሲያወጧት ገመዱን የያዙት ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ ዘመኑም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። እዚያ ኬናንን ታገባለች። ጉድጓዱ አልተደፈነም፤ በፈለገች ጊዜ መመለስ ትችላለች። ድራማውን የያዘው ይህ ነው፤ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም።

ሙንዚር በራሱ ሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሹፌር ነበር። መጽሐፎቹ ወደ አማርኛ ተተርጉመው ደሴ ፒያሳ ላይ አዟሪዎች እጅ ሲገቡ አንድ በአንድ ገዛቸው። መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ መሪው ላይ ዘርግቶ ያነባል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ለሸሪፋ ጮክ ብሎ። ደስ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ የገጹን ጥግ አጥፎ ይዘጋዋል። «ቀሪው ነገ» ይላል፤ ብትለምነውም ብትቆጣውም አይከፍተውም። ድራማው ሲጀምር ጎን ለጎን ያዩት ነበር። እሱ ግን ሰው ከመጣ «እኔ ዜና እየጠበቅሁ ነው» ይላል። አንድ ቀን እንዲህ ብሏት ነበር፦ «የቲቪዋ ናርሚን ለቅሶ ታበዛለች። የመጽሐፏ ሥራ ነው የምትሠራው።» ኩላሊቱ ሲጥለው ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነበር። መጽሐፉ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ፤ የታጠፈው ጥግ እንደታጠፈ። ሸሪፋ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ አልገለጠችውም።

ኬናን ከሞተ ወዲህ ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። የጣይባ ስልክ ላይ ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ከፊሉ ጉድጓዱን ትውረድና ወደ ዘመኗ ትመለስ ይላል። ከፊሉ የኬናንን ወንድም ሰርሃትን ታግባ ይላል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ከሁሉም በፊት የተነሳው ጥያቄ ሌላ ነበር።

«ኢዳዋ ከየት ነው የሚቆጠረው?» አለች ጣይባ። «ጉድጓዱን ወርዳ ብትመለስኮ ባሏ የሞተው እሷ ሳትወለድ ነው። ወላሂ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ኡስታዙን በስልክ ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉሽ?» አለች ሸሪፋ።

«‹መጀመሪያ ጉድጓዱን አሳዪኝ› ብለው ዘጉብኝ።»

ይህ ሲባል እትዬ ጀሊላም ነበሩ። እትዬ ጀሊላ የሙንዚር አክስት ናቸው። የልጆቹ እናት ስትሞት ሙንዚርንና ታላቅ ወንድሙን ጀላልን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ከደሴ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርደው ይመጣሉ። በላያቸው የደረቡትን ወፍራም ሹራብ «ይሄ ሙቀታችሁ!» እያሉ በራፍ ላይ ያወልቃሉ። ድራማ አይተው አያውቁም ነበር። ከኬናን ሞት ወዲህ ግን ፍራሹ ላይ ተደላድለው ይጠይቃሉ።

«ያ ረጅሙ፣ ወንድምየው፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ሰርሃት!» አለች ጣይባ። «ውይ፣ እሱን አያንሱብኝ እትዬ። ጺሙን አይተውታል? አንድ ወገኑ ወደ ላይ፣ አንድ ወገኑ ወደ ታች!»

«ጺም ይላጫል። ልጁ ጨዋ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ ደፋ ቀና የሚለው ማን ነው? እሱ። እህሉን የሚያስጭን፣ ጣራውን የሚያስጠግን እሱ። ልጅቱን አቅፎ የሚዞርላት ማን ነው?»

«የትኛዋን ልጅ? ናርሚን ልጅ የላትም እኮ!»

እትዬ ጀሊላ ሹራባቸውን አንስተው አጣጠፉት። እንደገና አጣጠፉት።

«ብትወልድ ማለቴ ነው» አሉ።

ሸሪፋ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ኢዳ ላይ ያለችን ሴት ለጋብቻ በግልጽ መጠየቅ ክልክል ነው። ዳር ዳር ማለት ግን ይፈቀዳል። እትዬ ጀሊላ ዳር ዳር የሚሉበት ነገር ሲፈልጉ የቱርኩን ድራማ አግኝተዋል። ልጅ ያላት እሷ ናት። ከቀብሩ ጀምሮ ደፋ ቀና የሚለው ጀላል ነው።

ጀላል ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይነግዳል። ከሚስቱ ከተፋታ ቆይቷል። ሰው የሚያማው አይደለም። ስኳር ይልካል፤ ማለዳ ከደሴ እየወረደ ሙናን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ሲመጣ በራፉ ላይ በርጩማ አስቀርቦ ይቀመጣል እንጂ ገብቶ አያውቅም። ሸሪፋ ስለ እሱ የምትለው ክፉ ነገር የላትም። አንድ ነገር ብቻ ነው። ከውጭ «አሰላሙ አለይኩም» ሲል ድምፁ የሙንዚር ነው። ልክ የሱ። ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ የቆመው ጀላል ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት አይቻልም። ከዚህ ድምፅ ጋር ደሴ ወጥታ እስከ ዕድሜዋ ልክ መኖር እንደማትችል ግን ታውቃለች። ይህን ቤት መልቀቅም አትፈልግም።

ችግሩ በግልጽ አለመጠየቋ ነው። ያልጠየቀን ሰው እንቢ ማለት ነውር ነው። ኢዳዋ እስኪያልቅ ብትጠብቅ ደግሞ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሽማግሌ ተልኮ እንቢ ማለት ጀላልን በሰኞ ገበያ ፊት፣ እትዬ ጀሊላን በዘመድ ፊት ማዋረድ ነው። ያኔ ሙና አጎት አይኖራትም፤ እሷም የምትጠራው ዘመድ አይተርፋትም። መልሱ ከሽማግሌው በፊት፣ በመጣበት መንገድ መመለስ ነበረበት።

ኢዳዋ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰርሃት ከናርሚን ፊት ቆሞ ጠየቃት። ናርሚን ቀና ብላ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ክፍሉ አለቀ።

«ሞቼልሻለሁ!» ጣይባ ጭኗን መታች። «እነዚህ ሰዎች ጀሀነም ይጠብቃቸዋል! እዚህ ላይ ይቆረጣል?»

እትዬ ጀሊላ ወደ ቴሌቪዥኑ እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ «መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉ። «ሙንዚር አላህ ይርሐመውና ያነብልሽ አልነበር? ታገባዋለች?»

ጣይባ ዞር አለች። «እውነት እኮ ነው! መጽሐፉ አንቺ ጋ አለ! እስከዛሬ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስታቃጥይኝ ከረምሽ?»

ሸሪፋ ቁም ሳጥኑን አየች። ከታጠፈው ገጽ ወዲያ ያለውን አታውቅም።

«አታገባውም» አለች።

ጣይባ እልል አለች፤ ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ አላትና አፏን ያዘች።

«ወደ ጉድጓዱ ልትመለስ ነዋ?» አሉ እትዬ ጀሊላ።

«አትመለስም። ቤቷ ነው የምትቀመጠው። የኬናንን የኮርቻ ሥራ ሰው ቀጥራ ታሠራለች።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ሰርሃት ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም አላጠፋም። እንደሱ ያለ ሰው የለም። ግን ወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ሆኖ ይኖራል። ይመጣል፣ ይጠይቃታል። ልጅ ቢኖራት አጎቷ ነበር።»

ጣይባ ይህን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ለቴሌግራም እየጻፈች ነበር። እትዬ ጀሊላ ለአፍታ የጣቶቻቸውን አንጓ ቆጠሩ፤ የአላህን ስም የሚያወሱበት ዚክር ይሁን ሌላ አይታወቅም።

«ይቺ ሰርሃትንና ወንድሙን ያሳደገች ሴትዮ የለችም? ዝም ብለው አላደጉም መቼም።»

«አለች፤ አክስታቸው ናት። ቲቪው ላይ ቆርጠዋታል።»

«መጽሐፉ ላይ ምን አለች?»

«እዚያ ገና አልደረስኩም» አለች ሸሪፋ።

እትዬ ጀሊላ ሹራባቸውን ለበሱ። ሙናን ግንባሯን ሳሟት። ሲወጡ እንደወትሮው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላሏትም።

በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ጀላልም ሙናን የሚያደርስ የጎረቤት ባጃጅ ላከ እንጂ ራሱ አልታየም። በዚህ መሃል ኢዳዋ አለቀ። ሸሪፋ ታጠበች፣ ሌላ ቀሚስ ለበሰች፣ እስከ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ገዝታ ተመለሰች። ግቢው ውስጥ የሙንዚር ሚኒባስ ሸራ ለብሶ እንደቆመ ነው። ጠርዙን ገልጣ ጎማውን ነካ አደረገችው። ስልኳን አውጥታ ደሴ ልትደውል አሰበች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ስላላወቀች መልሳ ከተተችው።

ግሩፑ ላይ በበኩሉ ጣይባ ትልቅ ሰው ሆናለች። «መጽሐፉን ያነበበች እህት አለችን» ብላ የለጠፈችውን አገር ምድሩ ተቀባብሎታል። አንድ ወንድምአገኘሁ የሚባል ሰው «እኔ ሦስተኛውን አንብቤያለሁ፤ እንዲህ የሚል የለበትም» ብሎ ቢጽፍ፣ ጣይባ «ገጽ የጎደለው ነው የሸጡልህ» ብላ አፉን አስያዘችው።

ናርሚን ሰርሃትን ያገባች ዕለት ታዲያ ጣይባ ሳምቡሳውን ዘይት ውስጥ ጥላ ነው የመጣችው። ቤቱ ውስጥ ሸሪፋና ሙና ብቻ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከበሮ ይመታል፤ ሰርሃት ጺሙን ተስተካክሏል።

«ቀለዱብን! መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም!» ጣይባ ስልኳን ወደ ሸሪፋ ዘረጋችላት። «እይ፣ እይ! ሰው ሁሉ እየተሳደበ ነው! ‹የደራሲውን ቃል አረከሱ› ይላል። ፊርማ እናሰባስብ የሚልም አለ!»

ሸሪፋ ከበራፉ «አሰላሙ አለይኩም» ሲባል ሰማች፤ የሴት ድምፅ። እትዬ ጀሊላ ሹራባቸውን እያወለቁ ነው።

ሸሪፋ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ይዘው ቀና አደረጓት። ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ሠርጉን እስከ መጨረሻው አዩት። ሙና ጭናቸው ላይ ወጣች።

«ይፍረዱን እትዬ!» አለች ጣይባ። «ይሄ ትክክል ነው?»

«አይደለም» አሉ። «ቲቪው ነው የተሳሳተው። እኔ የመጽሐፉን ይዣለሁ።»

«ይባረኩ!»

«አክስትየዋ ጋ ደረስሽ?» አሉ ወደ ሸሪፋ ሳይዞሩ።

«አልደረስኩም፣ እትዬ።»

«እኔ ልንገርሽ። ተናደደች። አኮረፈች። ልጁም ትንሽ ከፋው፤ ሰው ነው። ከዚያ ቤቱ ጭር አለባት፤ ሹራቧን ለብሳ ወረደች።» የሙናን ጠጉር ወደ ኋላ መለሱት። «በነገራችን ላይ ጀላል ለሚኒባሱ ሹፌር አግኝቷል። ደጉ የሚባል፣ ሐረጎን ዓይኑን ጨፍኖ የሚወርድ።»

«ዓይኑን ባይጨፍን ይሻላል» አለች ጣይባ።

እትዬ ጀሊላ ሳቁ። ሸሪፋም ሳቀች። ድምፁ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ጣይባ የሳምቡሳው ሽታ ሲደርሳት «ያላህ!» ብላ ሮጠች፤ ከበራፉ ተመልሳ አንገቷን አስገባች። «መጽሐፉን ታውሺኛለሽ። ዛሬውኑ። ለዚያ ወንድምአገኘሁ ገጹን ፎቶ አንስቼ ነው የምልክለት!»

«አንደኛውንና ሁለተኛውን ውሰጂ» አለች ሸሪፋ። «ሦስተኛውን እኔ እያነበብኩት ነው።»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሦስተኛውን መጽሐፍ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው። ሙንዚር ያጠፈው ገጽ ላይ ኬናን መስኮት ሥር ተቀምጦ ኮርቻ ይሰፋል። ናርሚን ክር ታቀብለዋለች። ሸሪፋ ገለጠች። በሚቀጥለውም ገጽ ይሰፋል። በሚቀጥለው ገበያ ወጥቶ በቆዳ ዋጋ ይጨቃጨቃል፤ ወደ ቤት ሲመለስ ዝናብ ይመታዋል፤ ጫማውን ባለማውለቁ ናርሚን ትቆጣዋለች። ፈረስ የለም። ለመሞት የተቻኮለው የቲቪው ኬናን ነበር፤ የመጽሐፉ ገና በሕይወት አለ።

የመግሪብ አዛን እስኪሰማ አነበበች። ኬናን አልሞተም። የሙንዚርን እጥፋት ሳትነካ፣ የደረሰችበትን ገጽ ጥግ አጠፈችና ለሶላት ተነሳች።