የኦቦ ጋሩማ ስክሪን

«ፌኔት የጠገነችው ስክሪን ሦስት ወር አይሞላውም ይላሉ።»

ታረቀኝ ነው። «ይላሉ» ይበል እንጂ ከእሱ አፍ በስተቀር ከማንም ሰምቼው አላውቅም። ሱቁ ከሱቄ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። የስልክ ሽፋንና ፍላሽ ይሸጣል፤ ደንበኛ ሲጠፋ ወሬ ይዞ ወደ እኔ ብቅ ይላል። ክፋት የለበትም። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብስሽን ከገመድ አንሺ እንደሚል ሰው ነው የሚነግረኝ። ከሚሉት ሰዎች አንዱን አምጣልኝ ስለው፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ይላሉ ነው ያልኩት ብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ያንኑ ይደግመዋል።

ውሸት ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን አንድ ስክሪን ነበር።

እኔ ሙያዬን ከማንም አልተማርኩም። ኮሌጅ ያጠናሁት አካውንቲንግ ነው። ጥገናውን የተማርኩት ከስልኬ ቪዲዮና ካቃጠልኳቸው ቦርዶች ነው። ነቀምት ውስጥ «ሞቷል» ተብሎ ዕቃ ቤት ከተወረወረው ሞኒተር አብዛኛው አልሞተም። ጀርባውን ስትከፍቱት፣ መብራት በሚገባበት ቦርድ ላይ የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ጣሳ መሳዮች ቆመው ታገኛላችሁ። ካፓሲተር ይባላሉ። የጤነኛው አናት ሜዳ ነው፤ የታመመው ያብጣል፣ ሲብስበትም ይፈነዳና ቡናማ ነገር ያለቅሳል። እሱን በካውያ ነቅሎ አዲስ መትከል ነው፣ በቃ። የከተማችን ወንዶች ቴክኒሻኖች ጀርባውን ሳይከፍቱ «አዲስ ግዛ» ሲሉ፣ እኔ በዚያች ያበጠች አናት ሱቅ ከፈትኩ።

ኦቦ ጋሩማ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል፣ ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመሬት ክርክሩን ይዞ ለሚመጣው ገበሬ አቤቱታውን በኦሮምኛ ሰምተው፣ ሲያስፈልግም በአማርኛ አድርገው፣ ከባለቤቱ አሳምረው ይጽፉለታል። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሆናቸው፤ በታይፕ ጀምረው ነው ኮምፒውተር ላይ የደረሱት።

በመስከረም ስክሪናቸውን ታቅፈው መጡ። እንደ ደከመ ሰው ዓይኑን ይገልጥና መልሶ ይጨፍናል አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የብልሽት መግለጫ ከኢንጂነርም አልሰማሁም። ሁለት ካፓሲተር አብጦ ነበር፤ ቀየርኩት፤ በራ፤ መረቁኝ። በታኅሣሥ ያንኑ ስክሪን ታቅፈው ተመለሱ። ያው ሁለቱ። የመጀመሪያዎቹን ከአሮጌ ቦርድ ላይ ነቅዬ ስለነበር የተከልኳቸው፣ አፈርኩ። ከአዲስ አበባ ሙቀት የሚችሉትን አስመጥቼ ተከልኩ። በመጋቢት ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

ያን ቀን ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አኖ ከተማ እህል ስለሚነግደው ልጃቸው ስለ ኢቢሳ ነገሩኝ። በቃህ፣ መጥተህ ከእኔ ጋር አረፍ በል እያለ ዓመት ሙሉ ጨቅጭቋቸዋል። እሳቸውም ዕቃዬ እስከሠራ እሠራለሁ ብለው መልሰውለታል።

«አሁን ዕቃው ለልጄ መሰከረለት» አሉ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከጠፋ ወንበሬን አጥፌ አኖ እሄዳለሁ። እዚያ የሚጠብቀኝ ሥራ ዶሮ ከበቆሎ ላይ ማባረር ነው።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ፤ ስክሪኑን ግን አልሰጠኋቸውም። በማግስቱ ራሴ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። የሚገድለው ነገር እኔ ሱቅ ውስጥ ካልሆነ እሳቸው ዘንድ ነው ብዬ። ሶኬቱን በቴስተር ለካሁ፤ ደህና ነው። መስኮቱን አየሁ፤ ፀሐይ ጠረጴዛው ጋ አይደርስም። ሰካሁት፤ በራ። አንዱን ገበሬ ማስተናገድ ሲጀምሩ ልሄድ ተነሣሁ።

ያኔ ኦቦ ጋሩማ መሳቢያቸውን ከፍተው፣ ታጥቦና ተተኩሶ የታጠፈ ነጭ ዳንቴል አወጡ። ከስክሪኑ አናት ጀምረው ጀርባውን በሙሉ አለበሱት፤ ከታች ደግሞ በሪባን አሰሩለት። ሕፃን የሚያዝሉ ይመስሉ ነበር። ከፊቱ በቀር የሚታይ ነገር አልቀረውም።

«ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አወልቅለታለሁ» አሉ። «ታማሚ አጊጦ አይሄድም።»

በእኛ ከተማ ዳንቴል የማይለብስ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ይለብሳል። ቴሌቪዥን ሲከፈት ግን ይገለጣል። ይኼኛው ሥራ ላይም እንደለበሰ ነው የሚውለው። ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ በሙሉ ተከድኗል። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ እጄን ከሥሩ ሰደድኩ፤ ወዲያው መልሼ አወጣሁት።

ምላሴ ላይ ሦስት ስድብ ተሰልፎ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። ባለቤቴ ድርቤ ናት የሠራችው አሉ፤ የቡና አበባ ነው ጥለቱ፤ ዓይኗ እየደከመ፣ አንድ ክረምት ሙሉ በር ላይ ቁጭ ብላ። ይህን ሲሉ የስክሪኑን ትከሻ ይዳብሱ ነበር።

ካፓሲተሩን የሚገድለው ዳንቴሉ መሆኑን ሳላስጌጥ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከስክሪኑ ላይ አነሱ።

«እንዳትነግሪያት፣ ማሎ፣ እባክሽ።»

እንግዲያው እርስዎ ያውልቁት አልኩ። ባለቤታቸው በየቀኑ ምሳ ይዘውላቸው ይመጣሉ። «የት ሄደ ስትለኝ ምን እላታለሁ? ስድስት ወር ሥራዬን ስታቃጥይ የኖርሽው አንቺ ነሽ ልበላት? አኖ ብሄድ ይሻለኛል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

አዴ ድርቤ በስድስት ሰዓት የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። ሰላምታችንን ጨረስን፤ እናቴን ጠየቁኝ፤ ከብቱን ሁሉ ጠየቁኝ፣ ከብት ባይኖረንም። ኦቦ ጋሩማ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ያኔ ከአፌ የወጣውን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

«አዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራዬ ደካማ ስለሆነ አየር ካላገኘ አይቆይም። ሌላ ሰው ቢጠግነው ዳንቴሉን ይችለው ነበር።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ከማን ተማርሽ?»

«ከማንም።»

«ያስታውቃል» አሉ።

ሪባኑን ራሳቸው ፈቱት። ዳንቴሉን አራግፈው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረጉትና ምሳውን መፍታት ጀመሩ። ኦቦ ጋሩማ አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው አላውቅም፤ የጉርሻቸውም ትልቅነት ሊያንቀኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ታረቀኝ መጣ። «ሥራዬ ደካማ ነው ብለሽ አንቺው ራስሽ ተናግረሻል ይላሉ።» ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉ ሰዎች ነበሩት። ያን ቀን የኦቦ ጋሩማ ክፍል በር ክፍት ነበር፤ ገበሬውም ደጅ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁለት ደንበኞች ሳልነካው ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ፣ መንገድ ላይ ክፉ ለተናገረኝ ባለባጃጅ እንኳ መልስ የማላጣው፣ ዋጥ አደረግኩት። ካፓሲተሬ ምን እንደሆነ ካፓሲተሬ ይናገር ብዬ።

ተናገረ። ሦስት ወር አለፈ፤ ክረምቱ አለፈ፤ ዓመት ዞረ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ከባጃጁ አውጥቼ አይ ነበር፤ ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ ነበር። ኦቦ ጋሩማም ስክሪኑ የጠፋበትን ጠበቃ ሁሉ ወደ እኔ መላክ ያዙ። ትሳደባለች፣ ግን ታውቃለች እያሉ ነው አሉ የሚልኩት። ኢቢሳ አባቱ እንደማይመጡለት ሲገባው ላፕቶፕ ገዛላቸው። አሮጌውን ስክሪን ለእኔ ሰጡኝ፤ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የሌላ ሰው ኮምፒውተር እፈትንበታለሁ። ከእነዚያው ሁለት ካፓሲተሮች ጋር።

ባለፈው ሳምንት አዴ ድርቤ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ ይዘው መጡ። ቀዳዳውን በመርፌ እየጠረግኩ፣ ዝምታው እንዳይከብድ ብዬ፣ የዚያን የቡና አበባ ጥለት አሠራር ያሳዩኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የቱን? የስክሪኑን?» አሉ። «እሱን እኔ የት አውቄው። ዓይኔ ያን ክረምት ኪሮሹን ማየት ትቶ ነበር። ጀመርኩት፣ አቃተኝ። ጋሩማ ግን ድርቤ እየሠራችልኝ ነው ብሎ ለፍርድ ቤቱ ሁሉ አውርቷል። ካንዲት የአርጆ ሴት ገዝቼ ሰጠሁት። በየሳምንቱ እጠቢ፣ ተኩሺ፣ ሞቼልሽ ነበር። አውልቀው እንዳልለው ደግሞ ወዶታል።»