የእድፍ ብድር

ጧ… ጧ… ጧ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ነው የሰማችው። «ቧንቧው ደግሞ ማንጠባጠብ ጀመረ» አለች በልቧ፤ ትራሱን ጆሮዋ ላይ ደፋችበት። ድምፁ ግን የጠብታ ድምፅ አልነበረም። ጠብታ ልክ አለው። ይሄ ይቸኩላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይቸኩላል፤ ጥርስ የሌለው ሰው ከንፈሩን የሚመጥ ይመስላል። ምን እንደሆነ ሲገባት ከአልጋዋ ዘላ ወረደች።

የመስታወቱ ገንዳ የተቀመጠው ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ነው። ሦስቱም የወርቅ ዓሦች አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ውሃው እንደዚያ ጠርቶ አይታው አታውቅም። ጠጠሩ ያበራል። ቡናማ የነበረው የማጣሪያው ስፖንጅ እንደ ባዘቶ ነጥቷል። ከጎኑ አባቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ፊታቸው በርቶ ቆመዋል።

«አየሽልኝ?» አሉ። «ልጄ ነገ ሲመጣ እድፍ አይቀበለውም።»

«አባባ፣ ስፖንጁን በምን አጠቡት?»

«በፈላ ውሃ ነዋ! ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። የሚወጣው ጭቃ ጉድ ነው።»

«ውሃውስ?»

«ሙሉውን ደፋሁት። ከቧንቧው ንጹሑን ሞላሁላቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ተናደደች አይባልም፤ መናደድም ጉልበት ይጠይቃል። አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ደም የነካውን አንሶላ ዓይን እስኪወጋ ድረስ ሲያነጡ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም እድፍ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ይበላቸዋል። እሷ የለካችውን ጨርቅ ሳይቆረጥ አጥበውባት ያውቃሉ። የድስቱን ቂጥ እስኪሳሳ ፈትገውታል። ዛሬ ተራው የዓሦቹ ሆነ።

«ያ ጭቃ እኮ እድፍ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የነሱን ጉድፍ የሚበላው ፍጥረት የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። የቧንቧው ውሃ ደግሞ በባልዲ ካላደረ የሚጨመርበት መድኃኒት ያቃጥላቸዋል።»

አባቷ እጅጌያቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች መለሱት።

ዓሦቹ የታናሽ ወንድሟ ናቸው። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መጣ ሲሉት የሚሄድ፣ ሄደ ሲሉት ብቅ የሚል። አንድ ቀን ገንዳውን ተሸክሞ መጣና «ለሳምንት ያዥልኝ፣ እትዬ» አላት። የሱ ሳምንት ማለቂያ የለውም። ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። አንዱ ቀጭን፣ ጅራተ ረጅም፣ እንደ ቀስት የሚወረወር ነው፤ ጅራፍ ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ ዓይኖቹ ከፊቱ ወጥተው የተንጠለጠሉ ነው፤ ዓይነ ፍጥጥ። ሦስተኛው፣ ያ ሰውነተ ክቡ፣ አናቱ ላይ ቀይ ሥጋ እንደ ቆብ የበቀለበት፣ ቆብ ደፊው ነው። ጅራፍ ምግቡን ከውሃው ላይ ለቃቅሞ ሲጨርስ፣ ዓይነ ፍጥጥ ገና ይፈልጋል፤ ቆብ ደፊውም ገና ዞሮ አልጨረሰም። ፈጣንና ዘገምተኛ በአንድ ገንዳ አይሆኑም ቢሏትም፣ ሁለተኛ ገንዳ የምታኖርበት ቦታ አልነበራትም። ስለዚህ ከሙሽራ ዓይነ ርግብ የተረፈ ስስ መረብ ጠርዙን ቀምቅማ፣ ገንዳውን መሃል ለመሃል ጋረደችው። ጅራፍ ወዲያ፣ ሁለቱ ወዲህ።

ወንድሟ ባለፈው ሲሄድ የቆብ ደፊውን መስታወት በጣቱ እያንኳኳ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ይሄ ሰውዬ እስክመለስ ከቆየኝ፣ መኪናውን ለባለቤቱ አስረክቤ እቤት እቀመጣለሁ። አባባን እኔ እይዛለሁ። አንቺ ታርፊያለሽ።»

አባቷ ከአልጋቸው ሆነው «እኔ ሳላርፍ እሷ አታርፍም» ብለው አሳቋቸው። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን ነገሩን ይዛ ቀረች። ቀልድም ቢሆን ከአፍ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቆብ ደፊው ሆዱ ተነፍቶ ሲገለበጥ አተር ቀቅላ፣ ልጣጩን ልጣ ያበላችው፣ ጎንበስ ስትል ወገቧ እየተንቋቋ ውሃ በባልዲ ያሳደረችው፣ ለዚያች ለአንዲት ቃል ነው። ታርፊያለሽ።

ያደረ አንድ ባልዲ ውሃ ነበራት። ሦስቱንም በጎድጓዳ ሳህን እየቀዳች ወደዚያ አዛወረቻቸው። የገንዳውን አየር መንፊያ ባልዲው ውስጥ ነክራ፣ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ጥግ ላይ ወዳለው ፀጉር ቤት ሮጠች።

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ምላጭ ይለዋል፤ ለእጁ ሳይሆን ለምላሱ ነው። ለወረፋ ጠባቂዎች መዝናኛ ብሎ ያቆመው የዓሣ ገንዳ አለው።

«እትዬ መርፌ! ፀጉር ነው ወይስ ወሬ?»

«እድፍ ልበደርህ ነው የመጣሁት።»

ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው ደንበኛ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ምን አልሽ?»

«እድፍ። ከገንዳህ ስፖንጅ ላይ።»

«ወይ ጊዜ! ሚስቴ እድፍህን አራግፍ ስትለኝ ከርማለች። ፈላጊ እንዳለው ባውቅ ኖሮ አስቀምጠው ነበር!» ደንበኛው በአረፋው ውስጥ ተንከተከተ። «እሺ፣ ግን ስትመልሺ ከነወለዱ ነው።»

«ስቀህ ስትጨርስ ስጠኝ። እየሞቱብኝ ነው።»

ምላጭ ሳቁን ዋጠ። «አባትሽ?»

«አጠቧቸው።»

ሌላ አልጠየቀም። ደንበኛውን ከነአረፋው ትቶ እጁን ገንዳው ውስጥ ከተተ፤ ስፖንጁን አውጥቶ በመቀስ ለሁለት ቆረጠው። የጨቀየውን ግማሽ ከነውሃው በፌስታል አሰረላት። እሷም እንደ ሌባ ከሹራቧ ሥር ሸጉጣ ተመለሰች።

ስትገባ አባቷ ባልዲው አጠገብ በዝቅተኛው መቀመጫ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የተተኮሰ ነጭ መሐረብ፣ በመሐረቡ ላይ ደግሞ ዓይነ ፍጥጥ ተኝቷል።

«ገደልኩት» አሉ።

«አላወቁም፣ አባባ።»

«በዚህ እጄ ስንት በሽተኛ ንጹሕ ላይ አስተኝቻለሁ» አሉና መሐረቡን በአራቱም ጠርዝ አጠፉት።

እሷ የጨቀየውን ስፖንጅ ባልዲው ውስጥ አስገብታ አየር መንፊያዋን ከሥሩ አደረገች፤ ውሃው ደፈረሰ። ቆብ ደፊው በጎኑ ተንጋዶ ነበር። ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ በአንድ ዓይኗ ክሩን፣ በአንድ ዓይኗ ባልዲውን እያየች ዋለች። ሁለት እጅጌ አገላብጣ ሰፍታ ፈታች። ፀሐይ ዘወር ስትል ያ ቀይ ቆብ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ተነሣ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷ እንኳ አልተሰማትም።

በማግስቱ ወንድሟ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ገባ። የመኪናውን ቁልፍ በሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። አባቱን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ባልዲው ሄደ።

«ቆብ ደፊዬ! አለህ?»

«አለ» አለች እህቱ። ቃሉን ያነሣ እንደሆነ ጠበቀች።

«ጥቁሩስ?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ አባቱ። «አጠብኩት።»

ሹፌሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ የአባቱን እጅ አየና ዘጋው።

«የመደርደሪያውን ታች ለልብስህ ለቅቄልሃለሁ» አለችው። «ነገ ዓሦቹን ወደ ገንዳው አብረን እንመልሳለን።»

«እሺ» አለ።

እሺ ብዙ ዓይነት ነው። የመንገደኛ እሺና የቤት ሰው እሺ አንድ አይደሉም፤ እሷ ግን ለመለየት ደክሟት ነበር። ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቁልፍ እያየች ተኛች፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲያ ተኝታ አታውቅም።

ጠዋት እሱ ቀድሟት ተነሥቶ ነበር። ገንዳውን ባደረ ውሃ ሞልቶ፣ ዓሦቹን በእጁ መዳፍ እንደ እንቁላል እያስተላለፈ መለሳቸው። መረቡን አስተካክሎ ጋረደ። ስፖንጁን ሳያጥብ ቦታው ላይ አኖረው። አተር ልጦ ለቆብ ደፊው ጣለለት፤ ቀስ ብሎ ዞሮ እስኪውጠው ድረስ ጎንበስ ብሎ ጠበቀው።

«አየህ፣ ቆብ ደፊህ ቆየህ» አለችው ከስፌት መኪናዋ ሆና።

«ቆየኝ» አለ። ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሣም።

እጁን በፎጣ አደረቀ። ቁልፍ የተከለችለትን ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ለበሰ፤ አንድ በአንድ ቆለፈው። የአባቱን ግንባር ሳመ። በእሷ በኩል ሲያልፍ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ እርጥበቱ በሸሚዟ በኩል ተሰማት።

«ለምሳ ትደርሳለህ?»

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ቀና ስትል ምስማሩ ባዶ ነበር።